ትእዛዙ ስንት ሰዓት ላይ ደረሰ?

እህቴ የባሏ ጠበቃ የሆነችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወት ሳለ ጠበቃ አላስፈለገውም፤ በዚያ ቤት ከሳሹም ዳኛውም አሳሪውም እሱ ነበር። ሲሞት ግን አንድ ክስ ጥሎላት ሄደ። ባሏ ሻለቃ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ከሰዎቹ ጋር አንድ ኮረብታ እንዲይዝ ተመድቦ ነበር፤ ከዚያ ኮረብታ ሰዎቹን ይዞ ወረደ። ያለ ትእዛዝ ነው የወረደው ያሉ ነበሩ። ማስረጃ ስላጡ ፍርድ ቤት አላቆሙትም፤ ማዕረጉን ግን እዚያው ላይ አቆሙት። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አድርገው ብርድ ልብስና ጫማ ሲያስቆጥሩት ኖረው ጡረታ አስወጡት። ስለ ኮረብታው አንድም ቀን ትንፍሽ ሳይል ሞተ።

የተነፈሱት ሌላ ሰው ናቸው። የዚያን ጊዜ የግንባሩ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል በስተርጅና ትዝታቸውን ጽፈው አሳተሙ። ጡብ የሚያክል መጽሐፍ ነው። ስለ ሻለቃው ያለው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ሻለቃው ያለ ትእዛዝ ቦታውን ለቅቆ ወረደ።» ከዚያ ወዲያ ጄኔራሉ ስለ ራሳቸው ጀግንነት ይቀጥላሉ። እህቴ መጽሐፉን ገዝታ ያቺኑ ዓረፍተ ነገር አነበበች። የቀረውን እስከ ዛሬ አልገለጠችውም።

በማግስቱ ደወለችልኝ። «የጽሕፈት መኪናሽን ይዘሽ ነይ።»

እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። በእኛ ሥራ መጀመሪያ የሚጠየቅ ነገር አለ።

«ለማን ነው የሚቀርበው?» አልኳት።

«ለታሪክ።»

«የታሪክ መዝገብ ቤት ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?»

«ቀልድሽን እዚያው የፍርድ ቤቱ በር ላይ ትተሽው ነይ» ብላ ዘጋችው።

እህቴ የምትኖረው የመኮንኖች መኖሪያ ግቢ ውስጥ ነው። ግንቡ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። በሩ ላይ ያለው ዘብ መታወቂያ ይቀበልና «የማን ቤት?» ይላል።

«የእህቴ።»

«እንደዚያ የሚባል ቤት የለንም። የሻለቃው ይሁን?»

«ሻለቃው ሞቷል።»

«እሱን እኛው ነን የቀበርነው። ቤቱ ግን የሻለቃው ነው» ይልና ስልኩን አንስቶ «የሻለቃው እንግዳ መጥታለች» ብሎ ለእህቴ ይነግራታል። እሷ ደግሞ «ትለፍ» ትላለች። እኔ የሞተ ሰው እንግዳ እየተባልኩ የእህቴ ቤት ስገባ ስንት ዓመቴ። ለምን እንደምናደድ የሚጠይቀኝ ሰው እዚያ በር ላይ አንድ ቀን ይቁምና ያየው።

ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ቡፌ አለ፤ አራቱም ማዕዘኖቹ በገመድ ተበልተዋል። ከጣቢያ ጣቢያ በወታደር መኪና ሲጫንና ሲወርድ የኖረ ቡፌ ነው። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት አለው፤ የሚያሳየው የሰልፍ ሜዳውን ነው። ጠዋት ፊሽካ ሲነፋ እህቴ ትነሳለች፣ ቀትር ላይ ሲነፋ ምሳ ታቀርባለች። ለማን እንደምታቀርብ አትጠይቁኝ። የሻለቃው ወንበር በሩን ፊት ለፊት እያየ ነው የሚቀመጠው፤ ማንም አይቀመጥበትም። የመጀመሪያው ቀን እኔ ሆን ብዬ ተቀመጥኩበት። ተነሺ አላለችኝም። እስክነሳ ድረስ ግን ሻይ አላቀረበችልኝም።

የሻለቃውን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ እንዲህ ብለን ጀመርን። እሷ በሳሎኑ እየተንጎራደደች ትናገራለች፤ እኔ እመታለሁ።

«ታዘን ወደ ቆላው ጣቢያ ተዛወርን። ታዘን ወደ ወንዙ ማዶ ሄድን። ታዘን ተመለስን።»

«ቆይ እስቲ። አንቺን ማን አዘዘሽ?»

«ጻፊ።»

«አንቺ አዋላጅ ነበርሽ እንጂ ወታደር አልነበርሽም። ሐኪም ቤቱን ትተሽ ስትሄጂ ያዘዘሽ ጄኔራሉ ናቸው?»

«የሚያዝ ሰው ያገባች ሴት ትታዘዛለች። ጻፊ አልኩሽ።»

እህቴ በሙያዋ ስሟ የተጠራ ነበረች። ምጥ ላይ ያሉ ሴቶች «እሷ ትምጣልኝ» እያሉ ያስጠሯት ነበር። ሰውየው በተዛወረ ቁጥር ነጭ ጋዋኗን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው፤ በመጨረሻ ሻንጣው ውስጥ ቀረ። እኛ በጻፍነው መጽሐፍ ውስጥ ስለዚህ አንድ ቃል የለም። መጽሐፉ ታትሟል፣ ገዝታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሹመቱ አለ፣ ሽልማቱ አለ፣ የጦር ትምህርት ቤቱ አለ። እሷ ያለችው «ታዘን» የሚለው ቃል ውስጥ ነው።

ቆላው ጣቢያ ጋ ስንደርስ ቆማ በመስኮቱ ወደ ሜዳው እያየች «በዚህ ጣቢያ ሳለን ከባድ ሐዘን ደረሰብን» አለችና ወደሚቀጥለው ጣቢያ ልትሻገር ስትል እጄን ከጽሕፈት መኪናው ላይ አነሳሁ።

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ልጅ እኮ ነው የሞተችብሽ፣ እትዬ።»

«መጽሐፉ የእሱ ነው።»

እሷ ያላስጻፈችውን እኔ እጽፈዋለሁ፤ እዚያው ነበርኩና። አራት ዓመቷ ነበር። ትኩሳት ያዛት፣ አንገቷ ገተር አለ። ጣቢያው ሐኪም የለውም፤ ሆስፒታሉ ያለው ከተማው ውስጥ ነው፣ መንገዱም ረጅም ነው። ጣቢያው ውስጥ እዚያ ድረስ የምትሄድ መኪና አንዲት ብቻ ነበረች፤ የሻለቃው። በዚያው ጠዋት ጦሩ እንዲንቀሳቀስ ታዘዘ። እህቴ እንደ ሚስት ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነገረችው፦ ይኼ ትኩሳት አይጠብቅም፣ መኪናዋ አድርሳን ትመለስ፣ እስከ ከሰዓት ብቻ ቆይ። እሱ ቀበቶውን እያጠበቀ «ትእዛዝ ትእዛዝ ነው» አለ። ጎንበስ ብሎ የልጅቷን ግንባር ሳመና ወጣ። የአትክልት ጫኝ መኪና ለምነን እስክናገኝ ልጅቷ በእጃችን ላይ አለፈች። እግሮቿን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ሰው ጨብጬው አላውቅም።

እህቴ ግን ይቅር አለችው። ሌላ ልጅ አልወለዱም፤ አብራው በላች፣ አብራው አረጀች፣ ሲታመም አስታመመችው። እንዴት ቻልሽው ብዬ ስጠይቃት የምትመልስልኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር። «እሱ እኮ ትእዛዝ መጣስ አይችልም። አንዳንድ ሰው መዋኘት እንደማይችል፣ እሱም ያንን አይችልም። መዋኘት የማይችልን ሰው ለምን ገብተህ አላወጣሃትም ትይዋለሽ?»

እንግዲህ ጄኔራሉ «ያለ ትእዛዝ» ብለው ሲጽፉ የነኩት የሰውየውን ስም ብቻ አልነበረም። የነኩት እህቴ ስንት ዓመት ሙሉ የቆመችበትን ወለል ነው።

ወደ ኮረብታው ምዕራፍ ስንደርስ «ጆሮ ይምጣ» አለች። ጆሮ የጦሩ የመገናኛ ሠራተኛ ነበር፤ ሬድዮውን ተሸክሞ ከሻለቃው ጎን የማይለይ። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው። ዛሬ ቴሌቪዥንና የልብስ ካውያ ይጠግናል፤ በግራ ጆሮው አይሰማም፣ ስሙ ግን አልተቀየረለትም። ሻለቃው በሞተበት ቀን በየዓመቱ ከኮረብታው የወረዱት ሰዎች ተሰብስበው እህቴ ቤት ይመጣሉ። በመደዳ ይቀመጣሉ። እህቴ ሻይ ቀድታላቸው ስታበቃ «ትእዛዙ ደርሷል፣ አይደል?» ትላለች። «ደርሷል» ይላሉ ሁሉም ባንድ አፍ፣ ስም ሲጠራ አቤት እንደሚል ሰው። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ማውራት ይጀምራሉ። እንዲህ እያሉ ኖሩ።

ዘንድሮ ግን «ደርሷል» አልበቃትም። «ጄኔራሉ ቃል ጽፈዋል፣ እኛም ቃል እንጽፋለን» አለች። «ትእዛዙ እንደ ወረደ ይግባ። ጆሮ ተቀብሎ መልሶ አንብቦታል። መልሶ ያነበበ ሰው አይረሳም።»

ጆሮ የመጀመሪያው ቀን «ቦታውን ለቅቃችሁ ውረዱ» ነው የሚለው አለ፤ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ አለ። ጻፍኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሲነበብለት «ወደ ኋላ ተስባችሁ ድልድዩን ያዙ» ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ደግሞ ትእዛዙ የደረሰው ሊመሽ ሲል ነው። እኔ ለሐሰት ምስክር ማመልከቻ እየጻፍኩ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ ሽታውን አውቀዋለሁ። ትዕግሥት ደግሞ ሲያድሉ እኔ አልነበርኩም።

«ጆሮ፣ ትእዛዙ ስንት ሰዓት ላይ ደረሰ?» አልኩት።

«ወደ ማታ ገደማ።»

«እኩለ ቀን ብለኸኝ ነበር።»

«እህት ዓለም፣ ጦርነት ላይ ሰዓት ማን ያያል?»

«የመገናኛ ሠራተኛ ያያል።»

«በዚህኛው አልሰማሽም» አለ ግራ ጆሮውን እየነካካ።

«ዙርና በዚያኛው ስማኝ።»

«ተይው እንጂ» አለች እህቴ። ግን መንጎራደዷን አቁማ ነበር።

ጆሮ ብርጭቆውን አስቀመጠ። መልሶ አነሳው። ከዚያ እንደገና አስቀመጠው።

«እትዬ፣ እኛ ለክፋት አይደለም» አለ። «እርስዎን ብለን ነው። ደግሞ እሳቸውን ብለን። የደረሰው ትእዛዝ ውረዱ የሚል አልነበረም። እስከ መጨረሻው ሰው ያዙት የሚል ነው። ውሃ አልቋል፣ ጥይት አልቋል፣ ቁስለኛው ያቃስታል። እኔ ተቀበልኩ፣ መልሼ አነበብኩ። ሻለቃው 'ሬድዮውን ዝጋው፣ ሰዎቹን ቀስቅስ፣ እንወርዳለን' አሉ። ወረድን። ኮረብታው ግርጌ ስንደርስ እኛው ተማማልን፤ ውረዱ የሚል ትእዛዝ ደርሷል ልንል። እሳቸው በሉ አላሉንም። አለዚያ እኮ ይረሽኗቸው ነበር። ከዚያ እርስዎ ሲጠይቁን ደርሷል አልን። አንዴ ካልን በኋላ ደግሞ እንዴት አድርገን እንመልሰው? በየዓመቱ ይጠይቁናል፣ በየዓመቱ ደርሷል እንላለን።»

እውነቱን ልናገር፤ ከወንበሬ ተነሳሁ። ያንን ሰው ጠልቼ ነው የኖርኩት። ያን ከሰዓት ግን ከመቃብሩ ቢነሳ እጁን እጨብጠው ነበር። አንድ ጦር ሙሉ የእናት ልጅ ከሞት አፍ አውርዶ፣ ማዕረጉ ባለበት ቀርቶ፣ ብርድ ልብስ እየቆጠረ ዝም ብሎ የሞተ ሰው ነው ለካ። ከጄኔራሉ ጡብ የሚበልጥ ምዕራፍ በእጃችን አለ፣ ልል አፌን ስከፍት እህቴን አየኋት።

«ብዙ አሰበበት?» አለችው ጆሮን።

አልገባውም። «እ?»

«ትእዛዙን ከሰማ በኋላ። ዝጋው እስኪልህ ድረስ። ተቀመጠ? ወዲህ ወዲያ አለ? ራሱን ያዘ?»

ጆሮ ሻለቃውን የምታመሰግን መሰለው። ፊቱ በራ። «ኧረ የምን ማሰብ! መልሼ አንብቤ ሳልጨርስ ነው ዝጋው ያሉኝ። ቆራጥ ሰው ነበሩ እኮ፣ እትዬ።»

«ቀላል ነበር በለኛ።»

«ለእሳቸው ቀላል ነበር።»

እኔ ገብቶኛል። እሱ ፈገግ እንዳለ ነው።

«ስለ ልጄስ?» አለች። «እዚያ ኮረብታ ላይ፣ ወይ ከዚያ ወዲያ፣ አንስቷት ያውቃል?»

ያኔ ፈገግታው ጠፋ። ልጅቷ መሞቷን የሚናገረውን መልእክት ከጣቢያው ተቀብሎ ለሻለቃው ያነበበለት እሱ ራሱ ነበር። ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ምን ልለው? እውነቱን ተናገር ብዬ አንገቱን ያነቅኩት እኔው ነኝ።

«የለም፣ እትዬ» አለ። «አንስተዋት አያውቁም።»

እህቴ ቡፌውን ተደገፈች። ከታች ሜዳው ላይ ምልምሎቹን «ቀኝ ዙር» የሚያስብላቸው የአሥር አለቃ ድምፅ ይሰማል። አንዱ ተሳስቶ ዞረ መሰለኝ፣ ስድቡ እኛ ድረስ መጣ።

«ይችል ነበር ማለት ነው» አለች።

«እንዳለ እንጻፈው» አልኳት። «ልጅቷንም እንጻፋት፣ ኮረብታውንም እንጻፈው። ያ ያደረገው ነው፣ ይኼም ያደረገው ነው። ሰው ያንብብና ይፍረድ። ሰው ያዳነውን ሰው ተላላኪ አድርገሽ ልትቀብሪው ነው?»

«ሰው ያመሰግነዋል። እኔስ?»

«አንቺ ምን?»

«ያን ጠዋት ይችል ነበር እያልኩ የት ልተኛ? አልጋው የእሱ ነው። ቤቱ የእሱ ነው። በር ላይ ስሙን ሳይጠራ እኔ ጋ የሚደርስ ሰው የለም።»

«ውጪ። እኔ ጋ ነይ፤ ጠባብ ናት እንጂ ዘብ የላትም።»

«መጥቼ ማን ልባል?»

«ራስሽን።»

«እሱን አልለመድኩትም» አለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ግን ማናችንም አልሳቅንም።

እንግዲህ እዚህ ላይ የተማሩት ሰዎች «ሕሊናዋ ቆሰለ»፣ «ዝምታን መረጠች» ምናምን ብለው ያሳምሩታል። እኔ ማሳመር አልችልበትም። ሴትዮዋን ሁለት በር አሳይተው ሁለቱንም ቆልፈውባታል። አንደኛው በር ጄኔራሉ እውነታቸውን ነው ማለት ነው። ሁለተኛው በር ባሏ ለሰው ልጆች የጣሰውን ለገዛ ልጁ አልጣሰም ማለት ነው። ቁልፉን ይዞ የሞተው እሱ ነው። ዕድሜ ልኩን ቤት ውስጥ «ትእዛዝ ትእዛዝ ነው» እያለ ሲኖር፣ ውሸቱን መሆኑን በዚያ ቤት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። አንድ ቀን፣ ምሳ ላይ እንኳን፣ «እኔ እኮ አንዴ ትእዛዝ ጥሻለሁ» ቢላት ምን ነበረበት? ትጮህበት ነበር። ሳህን ትወረውርበት ነበር። ሻንጣዋን ከፍታ ጋዋኗን ታወጣ ነበር። ጉልበቷ ገና ሳለ ይሆን ነበር ይኼ ሁሉ።

«ጆሮ» አለች፣ «ሻይህ ቀዝቅዟል፣ ልቀይርልህ። ከዚያ ትእዛዙን አስተካክልልኝ።»

«የትኛውን ትእዛዝ?» አለ ጆሮ።

«የደረሰውን።»

«እኔ አልጽፍም» አልኩ።

«ካልጻፍሽ በእጄ እጽፈዋለሁ። አንቺ ከፈለግሽ በራስሽ ስም ያሻሽን ጻፊ፤ ለማንም ንገሪ፣ አልከለክልሽም። በእኔ መጽሐፍ ላይ ግን ደርሷል።»

እጄን ከመኪናው ላይ አንስቼ አጣጥፌ ተቀመጥኩ። እሷ መጥታ ወረቀቱን ልታወጣው ሞከረች። ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት፤ ስንት ሕፃን ያወጡ ጣቶች አንድ ወረቀት ማውጣት አቃታቸው። ገፋ አደረግኳትና ወረቀቱን አስተካከልኩ። ፈሪ የሚለኝ ይበለኝ፤ እሱ እህት የለውም።

«ከየት ነው የሚጀምረው?» አለችው ጆሮን።

«ከማን ለማን የሚለው ይቀድማል። ከዚያ ሰዓቱ። ከዚያ ቃሉ።»

«ሰዓቱን ከመውረዳችሁ በጣም አስቀድመው። እሱ ትእዛዝ ደጋግሞ ሳያነብ ንቅንቅ አይልም ነበር።»

ጆሮ አየኝ። እኔ መኪናዬን አየሁ።

«ከሰዓት ዘጠኝ ይሁን?»

«ዘጠኝ ይሁን።»

«'በአስቸኳይ ውረዱ' ልበል?»

«በአስቸኳይ አትበል፣ ጄኔራሉን አዛኝ ታደርጋቸዋለህ። 'ቁስለኛችሁን ይዛችሁ ውረዱ' በል። ቁስለኛ ጥለው ነው የወረዱት እንዳይባል።»

«ቁስለኛ እንኳን አልጣልንም» አለ ጆሮ፣ ይኼኛው እውነት ስለሆነ ድምፁ ከፍ አለ። «እሳቸው ራሳቸው አንዱን በጀርባቸው ነው ያወረዱት።»

እህቴ ወደ ጆሮ ዞረች። ይኼን ሰምታ አታውቅም ነበር።

«እሱን አታስገቢው» አለችኝ።

«ይኼንንም?»

«አዎ። ታዞ ወረደ። በቃ።»

መታሁት። በዚያ ሳሎን ውስጥ፣ ፍርግርጉ መስኮት ሥር፣ ጦርነቱ ካለቀ ስንት ዘመን በኋላ፣ ትእዛዙ ደረሰ። ጆሮ ተነስቶ ባርኔጣውን ያዘ፤ በሩ ጋ ሲደርስ «ለዘንድሮው ቀን እንመጣለን፣ እትዬ» አለ፤ እሷም «ትመጣላችሁ እንጂ፣ ቤታችሁ ነው» አለችው። ደረጃውን ሲወርድ መደገፊያውን እየያዘ ሲያዘግም ይሰማኝ ነበር።

ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም።

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት፤ ከማን ለማን፣ ሰዓቱን፣ ቃሉን። ሻለቃው መልእክቱን ደጋግሞ አንብቦ፣ ትእዛዝ መሆኑን አረጋግጦ፣ ሰዎቹን አሰልፎ ወረደ የሚለውን አነበብኩ። እህቴ በሕይወት ዘመኗ ተቀምጣበት የማታውቀውን የባሏን ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እኔ ያገባሁት ይኼንን ሰው ነው» አለች።